ውሻን በአደራ ማሳደር፦ የርኅራኄና የእብድ ውሻ በሽታ የታሪክ ጉርብትና

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ሕፃን ነው። የተግባር ልምምድ ሐኪም በነበርኩበት ዓመት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣ። ትኩሳት ነበረው፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ ከሁሉ በላይ ግን ውኃ አልጠጣም ብሎ ነበር። ብርጭቆ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይኮማተራል፤ በር ተከፍቶ ነፋስ ፊቱን ሲነካው ይንዘፈዘፋል። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን ምልክት በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ውሻ ነክሶት እንደሆነ ስንጠይቃቸው እናቱ በእርግጠኝነት «አልነከሰውም» አሉ። ቆየት ብለው ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከስድስት ሳምንት በፊት ልጁ ቦይ ውስጥ የወደቀች ቡችላ አግኝቶ ወደ ቤት ይዟት መጥቶ ነበር። ሲለምናቸው ጊዜ አሳዘናቸውና «እስክትድን ትቆይ» ብለው በካርቶን መኝታ ሠሩላት፤ ወተትም ያጠጧት ጀመር። ቡችላዋ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ከመሞቷ በፊት የልጁን አውራ ጣት በጥርሷ ጫር አድርጋው ነበር። ቤተሰቡ የሞተችው በረኃብ ብዛት ነው ብሎ አመነ፤ ጭረቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነ።

ልጁ በገባ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። እናቱ ከሆስፒታሉ ሲወጡ «ዶክተር፣ እኔ ነኝ ማለት ነው የገደልኩት? ቡችላዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ» ሲሉ ጠየቁኝ። በጊዜው የሚያጽናና መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

የጽሑፉ ዓላማ ባለቤት የሌለውን ውሻ ከጎዳና አንሥቶ ለጊዜው በቤት የማሳደር ልማድ በታሪክ እንዴት እንደዳበረ፣ ከሕክምና ጋር የት የት እንደተገናኘና ሐኪም ከዚህ ምን ሊማር እንደሚችል በአጭሩ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንታዊው ኃላፊነት

ሰው ውሻን ካለመደ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ እንደሆነው ይታመናል። ከወዳጅነቱ ጋር አደጋውም አብሮ መኖሩን የጥንት ሰዎች በሚገባ ያውቁ ነበር። በዛሬዋ ኢራቅ ምድር ትገኝ በነበረችው የኤሽኑና ከተማ ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የወጣ ሕግ ስለ እብድ ውሻ ይደነግጋል። ባለሥልጣናት ስለ ውሻው መታመም አስቀድመው ነግረውት ሳለ ባለቤቱ ባይጠብቀው፣ ውሻውም ሰው ነክሶ ቢገድል፣ ባለቤቱ 40 ሰቅል ብር ይከፍላል፤ የሞተው ባሪያ ከሆነ ደግሞ 15 ሰቅል። ለሰውና ለባሪያ የተለያየ ዋጋ መተመኑ የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል። የሕጉ ፍሬ ነገር ግን ዛሬም አልተሻረም። ሕጉ ውሻ ማሳደርን አልከለከለም፤ እያወቁ አለመጠበቅን እንጂ።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉ መርዙ እንዲወጣ እንዲመጠጥ፣ ከዚያም እንዲተኮስ መክሯል። ውኃ የመፍራት ምልክት ከታየ በኋላ ግን ተስፋው እጅግ አነስተኛ መሆኑን ጽፏል። ቁስሉን ወዲያው ማከም እንደሚጠቅም፣ ምልክት ከታየ በኋላ ግን ሐኪም እጁን አጣጥፎ እንደሚቀር የሚናገሩት እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቢያስቆጥሩም አላረጁም።

በለንደን የተከፈተው ጊዜያዊ ቤት

ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሰብስቦ የመንከባከብ ዘመናዊ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሜሪ ቲልቢ ታሪክ ነው። በ1860 ይህች እንግሊዛዊት በለንደን ሆሎዌይ በተባለ ሰፈር ለውሾች መጠጊያ ከፈተች። ታሪኩ እንደሚነገረው ሥራው የተጀመረው በማድ ቤት ውስጥ ነው። ጓደኛዋ በረኃብ ሊሞት የደረሰ ውሻ ከመንገድ አንሥታ በማድ ቤቷ ስታስታምም ቲልቢ አገኘቻት። ውሻው አልዳነም፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ሌሎች ውሾችን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ማድ ቤቱ ሲጠብባቸውም ጋጣ ተከራዩ። ለድርጅቱ የሰጡት ስም «ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ቤት» የሚል ነበር። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቤቱ የታሰበው ባለቤቱ እስኪመጣ ወይም አዲስ ባለቤት እስኪገኝ ድረስ ለማቆያነት ነውና።

ጋዜጦች በሥራው ተሳለቁ። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ሕፃናት በየመንገዱ ሲራቡ ለውሻ ቤት መሥራት ዕብደት ነው የሚለው ክርክር ቀላል አልነበረም። በ1862 ግን ታዋቂው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ይህን ቤት በከተማዋ ከተካሄደ የምርጥ ውሾች ትርኢት ጋር የሚያነጻጽር ጽሑፍ አውጥቶ የሕዝቡን አመለካከት ለማለዘብ ረዳ። ሜሪ ቲልቢ በ1865 ዐረፈች። ድርጅቱ በ1871 ባተርሲ ወደተባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። በአሜሪካም በ1869 በፊላደልፊያ በካሮላይን ኧርል ኋይት መሪነት የሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ የእንስሳት መጠለያ ከፈተ።

በዚሁ ዘመን እንግሊዝ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በ1897 የግብርና ቦርድ ኃላፊ የነበሩት ዋልተር ሎንግ በሽታው በታየባቸው አካባቢዎች ውሾች ሁሉ የአፍ ማሰሪያ እንዲያደርጉ አዘዙ። ከውጭ የሚገቡ ውሾችም ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። የውሻ ወዳጆች ማኅበራት ትእዛዙን በጭካኔ አውግዘው ተቃወሙ። ውጤቱ ግን ተቃዋሚዎቹንም የሚያስደስት ሆነ፤ በ1902 እንግሊዝ ከበሽታው ነጻ ሆነች። ውሾችንም ሰዎችንም ያዳናቸው በወቅቱ ጭካኔ የተባለው ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የተከሰተው ደግሞ ለርእሳችን ይበልጥ ቅርብ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በ1918 በሽታው ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ገባ። ያስገቡትም በግንባር ያላመዷቸውን ውሾች ጥለው መሄድ አንጀታቸው እንቢ ብሏቸው ደብቀው ያመጡ ወታደሮች እንደሆኑ ይታመናል። እንደገና ለማጥፋት እስከ 1922 ድረስ ጊዜ ወሰደ። የወታደሩን ስሜት የሚነቅፍ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። የአፍ ማሰሪያንና የለይቶ ማቆያን ደንብ ያለፈ አንድ ርኅሩኅ እጅ ግን አገር ሙሉ የደከመበትን ሥራ አፈረሰ። በአገራችን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የክትባቱ ጎዳና

በጁላይ 1885 የአልዛስ ክፍለ ሀገር ተወላጅ የሆነው የዘጠኝ ዓመቱ ዮሴፍ ማይስተር በእብድ ውሻ ተነክሶ ፓሪስ ወደ ሉዊ ፓስተር ተወሰደ። ፓስተር ኬሚስት እንጂ ሐኪም ስላልነበሩ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነበር። ከጁላይ 6 ጀምሮ ከደረቀ የጥንቸል ኅብለ ሰረሰር የተዘጋጀ ክትባት በተከታታይ ቀናት ተሰጠው፤ ልጁም ዳነ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዣን ባፕቲስት ዡፒል የተባለ ወጣት እረኛ ታናናሾቹን ከእብድ ውሻ ሲከላከል ተነክሶ መጣ፤ እርሱም ዳነ። ይህ ልጅ ከውሻው ጋር ሲታገል የሚያሳየው ሐውልት በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ቅጥር ግቢ ይገኛል።

የፓስተር ዘዴ በኋላ ተሻሻለ። ክላውዲዮ ፌርሚ በጣሊያን፣ ዴቪድ ሴምፕል ደግሞ በ1911 በሕንድ ካሳውሊ ከእንስሳት አንጎል የሚሠሩና በፌኖል የሚታከሙ ክትባቶችን አዘጋጁ። እነዚህ ክትባቶች ርካሽ ስለነበሩ በድኻ አገሮች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት አገልግለዋል፤ የብዙ ሰዎችንም ሕይወት አትርፈዋል። ይሁን እንጂ በሆድ ቆዳ ሥር በየቀኑ የሚሰጡ ብዙ መርፌዎችን ይጠይቁ ነበር። በውስጣቸው ያለው የአንጎል ሥጋም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የነርቭ ሥርዓት ብግነት ያስከትል ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እነዚህ ክትባቶች ቀርተው በሕዋስ ዘር ላይ በሚመረቱ ክትባቶች እንዲተኩ ደጋግሞ አሳስቧል።

ለአዲሶቹ መንገዱን የከፈቱት ሁለት ጥናቶች የተካሄዱት በኢራን ነው። በ1954 አንድ እብድ ተኩላ በአንድ ሌሊት 29 ሰዎችን ነከሰ። ከክትባቱ ጋር ሴረም የተሰጣቸው ሰዎች ክትባት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በተሻለ ሁኔታ መትረፋቸው ታየ። ዛሬ ከባድ ቁስል ላለበት ሰው ኢሚዩኖግሎቡሊን የምንሰጠው ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው። በ1975 እና በ1976 ደግሞ በእብድ እንስሳት የተነከሱ 45 ሰዎች በአሜሪካ ዊስታር ኢንስቲትዩት በሰው ሕዋስ ላይ የተሠራውን አዲስ ክትባት ከሴረም ጋር ወሰዱ፤ 45ቱም ተረፉ።

መግደል ያልፈታው ችግር

የጎዳና ውሻ በበዛበት ሁሉ አስተዳዳሪዎች መጀመሪያ የሚያስቡት መግደልን ወይም ማባረርን ነው። በ1910 በኢስታንቡል በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተሰብስበው ውኃ በሌለባት ደሴት ተጣሉ፤ በረኃብና በውኃ ጥምም አለቁ። ከተማይቱ ግን ያለ ውሻ አልቀረችም። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት በ1997 በሽታው ሲገባ እጅግ ብዙ ውሾች ተገደሉ፤ በሽታው ግን በደሴቲቱ ቀጠለ። በአዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት በመርዝ መግደል የተለመደ ነበር።

ግድያ የማይሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። የምግብ ፍርፋሪ እስካለ ድረስ የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ ይተካዋል፤ የሚተካውም ብዙ ጊዜ ያልተከተበ ቡችላ ነው። ባለቤቶች ውሾቻቸው እንዳይገደሉባቸው ወደ ሌላ ቀበሌ ሲያሸሹ በሽታው አብሮ ይጓዛል። በግድያው የተከተቡትም አብረው ስለሚያልቁ የተገነባው መከላከያ ይፈርሳል። በአንጻሩ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የላቲን አሜሪካ አገሮች ከ1983 ጀምሮ በጋራ ባካሄዱት የውሻ ክትባት ዘመቻ በውሻ የሚተላለፈውን የሰው ሕመም ከ95 በመቶ በላይ ቀነሱ። ሜክሲኮም በ2019 በውሻ ምክንያት የሚደርሰውን የሰው ሞት በማስወገዷ ከዓለም የጤና ድርጅት የመጀመሪያውን ማረጋገጫ አገኘች።

ከመጠለያ ወደ ቤት

መግደል መፍትሔ ካልሆነ ውሻውን የት እናድርገው? ይህ ጥያቄ መጠለያዎችን አበዛ፤ መጠለያዎች ደግሞ የራሳቸውን ችግር አመጡ። ብዙ ውሾች በጠባብ ቦታ ሲታጎሩ ፓርቮ ቫይረስንና የሳል በሽታን የመሳሰሉ ሕመሞች በቀላሉ ይዛመታሉ። ቡችላ ከሰው ጋር መላመድን የሚማረው በተለይ ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያደገ ውሻ ፈሪ ወይም ተናካሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡችላን፣ ያረገዘችን፣ የታመመን ወይም የደነገጠን ውሻ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በፈቃደኛ ቤተሰብ ዘንድ በአደራ ማስቀመጥ ተጀመረ። ቤተሰቡ ባለቤት አይሆንም፤ ውሻው አገግሞ ቋሚ ቤት ሲያገኝ አደራውን ያስረክባል። ለዓይነ ስውራን መሪ የሚሆኑ ቡችሎችን በቤተሰብ ውስጥ አሳድጎ ለሥልጠና የማስረከብ ልማድ በእንግሊዝ በ1956 ተጀምሮ ስለነበር አሠራሩ ፍጹም እንግዳ አልነበረም።

ልማዱ ጎልቶ የወጣው ግን በመከራ ጊዜ ነው። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነት ሲታወጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በለንደን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችና ድመቶች በገዛ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ ተገደሉ። የቦምቡን ድብደባና የምግቡን እጥረት ፈርተው ነበር። የሃሚልተን ዱቼስ ግን ብዙዎቹን በገጠር ርስታቸው አስጠጉ። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ደግሞ ብዙ ሰዎች ውሻቸውን ጥለው አንሄድም በማለት በጎርፍ በተከበበ ቤት ቀሩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። የተረፉት እንስሳት በየግዛቱ በሚገኙ ቤተሰቦች ዘንድ ተጠለሉ። በ2006 የአሜሪካ ምክር ቤት የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳትንም እንዲያካትቱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሕጉ የወጣው ለእንስሳቱ ብቻ ታስቦ አይደለም። ሰውን ለማዳን ውሻውንም ማዳን ግድ መሆኑ ስለታወቀ ነው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሰዎች በየቤታቸው በተዘጉ ጊዜም በአሜሪካና በአውሮፓ ውሻን በአደራ ለመቀበል የሚፈልጉ ሰዎች ቁጥር እጅግ ከፍ አለ።

በአደራ ዕቃ ውስጥ የተሸሸገ በሽታ

ርኅራኄ ድንበር ሲሻገር በሽታውንም ያሻግራል። በ2019 አንዲት የ24 ዓመት ኖርዌያዊት ከጓደኞቿ ጋር ፊሊፒንስን ስትጎበኝ ከመንገድ ዳር ቡችላ አነሡ። አጥበውና ተንከባክበው በማረፊያቸው አስቀመጡት። ቡችላው ሲጫወት ትንንሽ ንክሻ አደረሰባቸው። ወጣቷ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ታመመች፤ በሜይ ወርም በእብድ ውሻ በሽታ ሞተች። የሚያስደነግጠው ሟቿ ራሷ በሆስፒታል የምትሠራ ሰው መሆኗ ነው። ያስተማረን ነገር የመንደራችን እናት ላይ ከደረሰው ምንም አይለይም፤ ንክሻው ትንሽ፣ ቡችላው ደካማ ሲሆን ማንም ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ አደጋውን አያይም።

በ2021 ከአዘርባጃን ወደ አሜሪካ ከገቡ የተረፉ እንስሳት መካከል አንዱ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ተገኘበት። የክትባት ወረቀት ይዞ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት በሽታው በብዛት ካለባቸው አገሮች ውሻ እንዳይገባ አገደ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደግሞ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና መለያ ማይክሮቺፕ ያለው እንዲሆን ደነገገ።

አደጋው የእብድ ውሻ በሽታ ብቻም አይደለም። በ2022 በእንግሊዝ አንዲት ሴት ከቤላሩስ የመጣች ያረገዘች ውሻ በአደራ ተቀበለች። ውሻዋ ጨነገፈች፤ ሴትዮዋም ከጥቂት ቀን በኋላ ታምማ ሆስፒታል ገባች። ምክንያቱ ብሩሴላ ካኒስ የተባለው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያች አገር ከውሻ ወደ ሰው መተላለፉ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር።

በአይስላንድ የታየው ታሪክ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያች ደሴት ኤኪኖኮከስ የተባለው ጥገኛ ትል በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚያመጣው የውኃ ከረጢት እጅግ የተስፋፋ ነበር። ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራበ በ1863 ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ውሾችን መረመረ፤ ከመረመራቸውም ከአራት አንዱ ያህል ትሉ ተገኘበት። ከዚያም ለገበሬው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ታደለ። የታመመ የበግ ሳንባና ጉበት ለውሻ እንዳይሰጥ፣ ይልቁንም እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ተመከረ። ሕግም ተከተለ። ሬይክያቪክ በ1924 ውሻ ማሳደርን እስከመከልከል ደረሰች፤ ክልከላው የላላው በ1984 ነው። በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ፤ ውሻውም ወደ ከተማው ተመለሰ። በየግቢያችን በግ አርደን የተበላሸውን ሳንባ ለውሻ ለምንወረውር ኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከጥንት የታወቀ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 በታተመ ጥናታቸው የበሽታውን ታሪክና በዕፀዋት የሚደረገውን ባህላዊ ሕክምና ሰብስበው አቅርበዋል። በ1903 በአዲስ አበባ በብዙ ውሾች ላይ ወረርሽኝ መነሣቱም ተመዝግቧል። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ በኋላ የፌርሚ ዓይነቱ ክትባት በአገር ውስጥ ይመረት ጀመር። ተቋሙ በኋላ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ፣ ከዚያም የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት አካል ሆነ፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ለትውልዶች «ፓስተር ሄዶ መወጋት» የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ ለውሻ ንክሻ ሕክምና ሌላ ስሙ ሆኖ ኖሯል።

የውሻ ነገር በባሌ ተራሮች ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። ከቤት ውሾች የሚሻገረው የእብድ ውሻ በሽታ በ1991 እና በ1992፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በተነሡ ወረርሽኞች ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ በተራሮቹ ዙሪያ የገበሬውን ውሻ መክተብ ገበሬውንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም መጠበቅ ነው።

በእኛ ባህል ውሻ በአብዛኛው የግቢ ዘበኛ ነው፤ ከቤት ውስጥ አያድርም። ሆኖም ልጆች ቡችላ ከመንገድ ማንሣታቸው፣ እናቶችም «እስክትድን ትቆይ» ማለታቸው የትም መንደር ያለ ነገር ነው። በሌላው ዓለም ማኅበርና ደንብ ያለው ሥራ በእኛ ዘንድ ያለ ስምና ያለ ጥበቃ በየቤቱ ይፈጸማል። በዓለም ላይ በየዓመቱ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 59,000 ገደማ ሰዎች ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች መሆናቸው ከዚህ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚስተው ሐኪም የለም።

ለሐኪሙ የቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛው አጠያየቃችንን ይመለከታል። «ውሻ ነክሶሃል?» ማለት ብቻ አይበቃም። እናቲቱ «አልነከሰውም» ያሉት ሊዋሹ ፈልገው አልነበረም፤ በእርሳቸው አእምሮ ውሻ ማለት ትልቁ፣ ንክሻም ማለት የሚያደማው ነው። ስለዚህ «በቅርቡ ወደ ቤት ያስገባችሁት ቡችላ አለ? ጭሮታል? ቁስሉን ልሶታል? አሁንስ ቡችላው የት ነው?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

ሁለተኛው ስለ ዐሥሩ ቀን ክትትል ነው። ሰው የነከሰ ጤነኛ መሳይ ውሻ ለዐሥር ቀን የሚጠበቀው ቫይረሱ በለሃጩ የሚታየው ምልክት ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት በፊት ስለሆነ ነው። በዐሥሩ ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በለሃጩ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ማለት ግን ከጎዳና የተነሣ ውሻ ዐሥር ቀን ስለቆየ ከበሽታው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ቫይረሱ በውሻው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በአደራ የገባ ውሻ ወዲያው መከተብ፣ ለወራት በጥንቃቄ መያዝ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋርም ብቻውን አለመተው ይገባዋል። ጠባዩ ቢለወጥ፣ ምግብ መዋጥ ቢያቅተው ወይም ቢሞት ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት።

ሦስተኛው የቁስሉ ጉዳይ ነው። ንክሻ ወይም ጭረት የደረሰበት ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ይኖርበታል፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ውጤቱ ግን ከፍተኛ ነው። ክትባቱ የውሻው ዕጣ እስኪታወቅ ሳይጠበቅ ይጀመራል፤ ውሻው ዐሥር ቀን በጤና ከቆየ ይቋረጣል። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይጨመራል። ዘወትር እንዲህ ዓይነት ውሾችን የሚቀበሉ ሰዎች ደግሞ አስቀድመው ቢከተቡ ይመረጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት ይህ በሁለት ቀጠሮ፣ ማለትም በመጀመሪያውና በሰባተኛው ቀን ይጠናቀቃል።

ማጠቃለያ

የታሪኩን ክር ስንከተል የሜሪ ቲልቢ ጓደኛ ማድ ቤት፣ የወታደሩ ኮሮጆ፣ የኒው ኦርሊንስ ጎርፍና በአንድ የአዲስ አበባ ቤት የነበረው የካርቶን መኝታ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሰው የሚሠቃይ ፍጡር ሲያይ ያዝናል፤ ያስጠጋልም። ይህን ማንም ሕግ አላጠፋውም፤ ሊያጠፋውም አይገባም። በሽታው የተሸነፈባቸው አገሮችም ርኅራኄን ከልክለው ሳይሆን ክትባትን፣ ጥበቃንና ዕውቀትን አክለውበት ነው ያሸነፉት።

ያን ቀን እኒያን እናት መልስ ባለመስጠቴ እቆጫለሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ የምላቸው አለኝ። ልጅዎን የገደለው ለቡችላዋ የሰጡት ወተት አይደለም። የገደለው ያቺ ቡችላና እናቷ በሰፈሩ ውስጥ ያለ ክትባት መኖራቸው፣ ጭረትም በሳሙና መታጠብ እንዳለበት አንድም ሰው ነግሯችሁ አለማወቁ ነው። ያን መንገር የእኛ የሐኪሞች ድርሻ ነበር። እርስዎ አደራዎን ተወጥተዋል፤ እኛ ግን የእኛን ገና አልተወጣንም።